እንጨቱ ቀለሙን ይጠጣው እንጂ አይልበሰው

ሱሉልታ ቤት የሠራሁ ሰሞን ከሁሉም በላይ የጓጓሁት ለበረንዳው ነበር። ሦስት በአምስት ሜትር፣ ወለሉ በሙሉ ጣውላ፣ ፊቱ ወደ ምዕራብ። ማታ ማታ ቡና እየጠጣሁ ፀሐይ ስትጠልቅ አያለሁ ብዬ። አናጢው ጨርሶ እንደወጣ ቀለም ቤት ሄድኩና «ለውጭ የሚሆን ቫርኒሽ» አልኩ። ባለሱቁም «እህቴ፣ ይሄ ለውስጥም ለውጭም ነው» ብሎ አንድ ጣሳ አሸከመኝ። ግንቦት ላይ ቀባሁት። እንደ መስታወት ነበር የሚያብረቀርቀው፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ «ጫማ ላውልቅ እንዴ?» ይለኝ ነበር። ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ ሳየው ጠርዝ ጠርዙ ተነስቷል፣ መሀል መሀሉ ነጭ ነጭ ብሏል፣ በጥፍር ሲነኩት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላቀቃል። ለመቀባት አንድ ቀን ነበር የፈጀብኝ። ያንን ልጣጭ ፍቆ ለማንሳት ግን ሁለት ሳምንት።

ባለሱቁ የራሱ ድርሻ አለው፣ የእኔ ግን ይበልጣል። ቫርኒሽ እንጨት ላይ ቆዳ ነው የሚሠራው። ውጭ ያለ እንጨት ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ፀሐይ ሲመታው ይኮማተራል። ቆዳው አብሮት መለጠጥ ሲያቅተው ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ከታች እየገፋ ቆዳውን ያነሳዋል። ፀሐዩም አይተኛም። ቀለም በሌለው ቫርኒሽ ውስጥ ሰተት ብሎ ያልፍና የእንጨቱን ጭረቶች አጣብቆ የያዘውን ሊግኒን የሚባል ነገር ይሰባብረዋል። ያኔ የተቀባው ነገር የሚይዘው ያጣል። እኛ ደግሞ ከፍታ ላይ ነን። በየ1,000 ሜትሩ ከፍ ባልን ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ሱሉልታ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ፀሐዩ ቀላል ይመስለናል። እንጨቱ ግን ያውቀዋል።

ስለዚህ ለበረንዳ ወለል የሚፈለገው ቆዳ የማይሠራ፣ እንጨቱ ውስጥ የሚሰርግ ነገር ነው። ቀለም ቤቶች ስቴይን ይሉታል። ዘይትና ሙጫ ነው፣ ውስጡ የደቀቀ የቀለም ዱቄት አለበት። ዘይቱ ውሃ እንዳይገባ ይከላከላል፣ ዱቄቱ ደግሞ ፀሐዩን ይመክታል። ዱቄቱን እንደ ጥላ ቁጠሩት። ጥላው በወፈረ ቁጥር እንጨቱ ይጠበቃል፣ ነገር ግን የእንጨቱ መልክ እየተሸፈነ ይሄዳል። ምርጫው በሙሉ እዚህ ላይ ነው ያለው።

ጭራሽ ቀለም የሌለውን፣ ጥርት ያለውን፣ ለወለል አትግዙ። ያምራል፣ ግን ዓመት ሳይሞላው ጣውላው እንደ አሮጌ የአጥር እንጨት ግራጫ ይሆናል። በተቃራኒው ጫፍ ያለው፣ እንጨቱን ጨርሶ የሚሸፍነው ድፍን ስቴይን፣ እውነቱን ለመናገር የቀለም ዘመድ ነው። እግር በሚረግጠው ወለል ላይ ይላላጣል፤ ለእጅ መደገፊያው፣ ለምሰሶውና ለአጥሩ ግን ጎበዝ ነው፣ ምክንያቱም ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ላይ ውሃ አይተኛም። ለወለሉ መካከለኛውን ውሰዱ፤ ቀለም ያለው፣ ግን የእንጨቱ መስመር ከስሩ የሚታይ። እኔ የማሆጋኒ ቀለም ያለውን ወሰድኩ፣ በኋላ ትንሽ ቀላ አለብኝ። ዛሬ ብገዛ ቡናማ ነበር የምወስደው፤ የሱሉልታን ጭቃም ይደብቃል። በጣም ጥቁር የሆነውን ደግሞ ተዉት፣ እኩለ ቀን ላይ በባዶ እግር አያስረግጥም።

በውሃ የሚቀጥንና በአኳራጅ የሚቀጥን አለ። በውሃ የሚቀጥነው ቶሎ ይደርቃል፣ አይሸትም፣ ብሩሹም በሳሙና ይታጠባል። በዘይት የሚሠራው ይዘገያል፣ ይሸታል፣ ግን ጠለቅ ብሎ ይገባል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስታድሱም ታጥባችሁ ከላይ መድገም ነው እንጂ መፋቅ የለም። ለደረቀና ለተራበ አሮጌ ጣውላ እኔ የዘይቱን እመርጣለሁ። ጣሳው ላይ «ለውጭ ወለል» የሚል ነገር ከሌለ ግን የትኛውም ዓይነት ቢሆን ተዉት። «ለውስጥም ለውጭም» የሚለውን ታሪክ ነግሬያችኋለሁ።

አሁን ወደ እንጨቱ። እኛ አካባቢ ያለው በረንዳ አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፣ ርካሽ ነውና። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፣ ግን ክፉ ጠባይ አለው፤ እርጥብ ሆኖ ከተመታ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ምስማሩን ሳይቀር ይነቅላል። ይሄን ማንም ስቴይን አያቆመውም። ሻጩን «ደርቋል?» ብትሉት «በደንብ!» ነው መልሱ፣ ገና ትናንት የተሰነጠቀ ቢሆንም። ራሳችሁ አንሱት። ከመጠኑ በላይ ከከበደ፣ ስትነኩት ቀዝቀዝ ካለና የቅጠሉ ሽታ ከሸተተ እርጥብ ነው። ገዝታችሁም ቢሆን ከቆርቆሮ ሥር፣ በጣውላዎቹ መሀል ሞራሌ፣ ማለትም ቀጠን ያለ የተሰነጠቀ እንጨት፣ እየጣላችሁ አየር እንዲዞረው ደርድሩትና ወራት ይቆይ። የፈረንጅ ጽድ ለስላሳ ነው፣ ስቴይን በደንብ ይጠጣል፣ ጉጡ ላይ ብቻ እምቢ ይላል። የሀገሩ ጽድ ሌላ ነገር ነው። ምስጥ አይደፍረውም፣ ሽታውም ያውዳል፤ የራሱ ዘይት ስላለው ግን ከመቀባታችሁ በፊት አኳራጅ የነካ ጨርቅ አሳልፉበት፣ አለበለዚያ ቀለሙ ሳይደርቅ ይሰነብታል። ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ የጽድ ጣውላ ምናለሽ ተራ አካባቢ ካጋጠማችሁና ዋጋው ካልገደላችሁ፣ አታመንቱ። ዝግባ መልኩ ደስ ይላል፣ ግን ለቤት ውስጥ ነው። ክረምት አይችልም።

ምስማር ላይ አትሰስቱ። ተራ ምስማር ሲዝግ በእንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን ጋር ይገናኝና በየምስማሩ ዙሪያ ጥቁር እንባ ይወርዳል። ታኒን ማለት ሻይ ምላስ ላይ የሚያኮማትረው ነገር ነው። ያ ጥቁር ነገር ከስቴይኑ ሥር ሆኖ እንኳ ይታያል። ዚንክ ውስጥ የተነከረ ቪቴ ይሻላል፣ ቆይቶ የሚላላ ጣውላ ሲኖርም ፈትቶ መጠበቅ ይቻላል።

ግቢ የሚጠብቁልን አባባ ልጣጩን ስፍቅ ሲያዩኝ አዘኑልኝ። «ልጄ፣ የተቃጠለ ዘይት እያለ ምን አለፋሽ? ከጋራዥ አንድ ጄሪካን አምጥቼ ቀብቼ እሰጥሽ የለ?» አሉ። ሐሳቡ ከሜዳ የመጣ አይደለም፣ የአጥር እንጨት ሥሩን በተቃጠለ የሞተር ዘይት ነክሮ መቅበር የቆየ ዘዴ ነው። በረንዳ ላይ ግን አይሆንም። አይደርቅም፣ ጫማና ልብስ ያበላሻል፣ ሕፃን የሚድህበት ቦታ ላይ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ በዝናብ ታጥቦም ወደ ጎመኑ መደብ ይወርዳል። ከዚህ ሁሉ በላይ አንዴ ከጠጣው በኋላ ሌላ ምንም ነገር አይቀበልም። የተልባ ዘይትስ ብላችሁ የምትጠይቁ ትኖራላችሁ። ጥሬው ለመድረቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጅበታል፣ ደርቆም ቢሆን ለሻጋታ ምግብ ነው። ለመጥረቢያ እጀታ ተጠቀሙበት።

መቼ ይቀባ? እኔ ግንቦት ላይ የሠራሁት ሁለተኛው ስህተቴ ነበር። ከመስቀል በኋላ ዝናቡ መቆሙን እዩ፣ ከዚያ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ይምታው። ጥቅምት አጋማሽና ኅዳር ምርጥ ጊዜ ነው። ታኅሣሥም ይሆናል፣ ግን ውርጩን አስቡ፤ አብዛኛው ስቴይን ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን በወጉ አይደርቅም፣ የእኛ ሌሊት ደግሞ ከዚያ በታች ይወርዳል። ከየካቲት በኋላ የበልግ ዝናብ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅምና ቁማር ነው። ክረምት ላይ ማንም ቀለም ቀቢ «ችግር የለም፣ ሸራ እንወጥራለን» ቢላችሁ አትስሙት። ችግሩ ከላይ የሚወርደው ብቻ አይደለም፤ ከሥር ያለው አፈር፣ በተለይ እንደ ለገጣፎና ቦሌ ቡልቡላ ዋልካ ከሆነ፣ ውሃ ይዞ እየቆየ እርጥበቱን ወደ ላይ ይሰደዋል።

ደርቋል ወይ የሚለውን በውሃ ነው የምታዩት። ጥቂት ጠብታ በየቦታው ጣል አድርጉ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከጠጣው እንጨቱ ዝግጁ ነው። ጠብታው ላዩ ላይ እንደ ዶቃ ከተቀመጠ ወይ ገና እርጥብ ነው፣ ወይ አሮጌ ቫርኒሽ አለበት፣ ወይ አዲስ በመላጊያ ተልጎ ፊቱ ተደፍኗል። ሦስቱም ስቴይን አያስገቡም።

ማጽዳቱ አሰልቺ ነው፣ ግን ከመቀባቱ የሚበልጠው ሥራ እሱ ነው። መጀመሪያ በጣውላዎቹ መሀል ያለውን ክፍተት በቢላ ወይም በቀጭን እንጨት ፈልፍሉ። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት መሆን አለበት፣ ውሃ የሚወርደውም አየር የሚገባውም በዚያ ነው። የእኔው በጭድና በአፈር ተደፍኖ ሣር በቅሎበት ነበር። ከዚያ በዱቄት ሳሙናና በጠንካራ ብሩሽ እጠቡ። ብዙ ሰው አረንጓዴውን ሽበት በበረኪና ይመታዋል። ሻጋታውን ይገድላል፣ ልክ ነው፤ ሲበዛ ግን የእንጨቱን ጭረት ያነጫጫል። በብዙ ውሃ አቅጥናችሁ፣ ሻጋታው ያለበት ቦታ ላይ ብቻ፣ ወዲያው እጠቡት። ግራጫውንና የምስማሩን ጥቁር እንባ የሚያነሳው ኦክሳሊክ አሲድ ነው። ካገኛችሁ ጓንት አድርጉ፣ በደንብም አለቅልቁት። ከበረኪና ጋር ግን በምንም ተአምር እንዳይገናኙ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ከታጠበ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ይምታው።

ቀጥሎ ብርጭቆ ወረቀት። እዚህ ላይ ቤት ውስጥ ዕቃ የሚሠሩ አናጢዎች ይሳሳታሉ፣ እጃቸው የለመደው ማለስለስ ነዋ። እንደ ጠረጴዛ ካለሰለሱት ቀዳዳው ይደፈንና ስቴይኑ አይገባም። 60 ወይም 80 ቁጥር ይበቃል፣ በጣውላው ርዝመት፣ መስመሩን ተከትላችሁ። ትንሽ ሸካራ ብሎ ይቅር፤ ዝናብ ሲመጣም አያንሸራትትም። የብረት ሽቦ መፈግፈጊያ አትጠቀሙ። ስብርባሪው እንጨቱ ውስጥ ይቀርና ይዝጋል። አቧራውን ጠርጉ፣ እርጥብ ጨርቅ አሳልፉ፣ በቃ።

ስንት ይገዛ? እንደ ጣውላው ሸካራነት አንድ ሊትር ከ4 እስከ 7 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። የእኔ 15 ካሬ ነው፣ 5 ብላችሁ ብታካፍሉት ለአንድ እጅ 3 ሊትር። ሁለተኛው እጅ ያንሳል፣ እንጨቱ ጠግቧልና። ስለዚህ ባለ 4 ሊትር ጣሳና ተጨማሪ አንድ ሊትር ይዛችሁ ሁለቱንም አንድ ባልዲ ውስጥ ቀላቅሉ። ሁለት ጣሳ አንድ ዓይነት ቁጥር ቢኖረውም ቀለሙ ትንሽ ሊለያይ ይችላል፣ ልዩነቱ የሚታያችሁም ግማሽ በረንዳ ከቀባችሁ በኋላ ነው። አትናጡት፣ አረፋ ይሠራል። በእንጨት ከሥር እያነሳችሁ አማስሉት፣ በየመሀሉም ድገሙት፤ ዱቄቱ እንደ ቡና አተላ ይዘቅጣል። መጀመሪያ ደግሞ የተረፈ ቁራጭ ጣውላ ላይ ወይም በር ሥር የማይታይ ጥግ ላይ ሞክሩትና እስኪደርቅ ጠብቁ። ሱቅ ያሳዩአችሁ ናሙና ሌላ እንጨት ላይ የተቀባ ነው።

የቀቢያው ቀን ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ጤዛው እስኪደርቅ ጠብቁ፣ እኛ ጋ ወደ 4 ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። ፀሐይ በቀጥታ እየመታው አትቀቡ፤ ላዩ ቶሎ ይደርቅና ወደ ውስጥ ሳይገባ ይቀራል። ፊቱ ወደ ምዕራብ የሆነ በረንዳ ጠዋት ጥላ ስለሚሆን ይመቻል፣ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ጀምሩ፣ ግን ጤዛው ከመውረዱ በፊት እንዲደርቅ 9 ሰዓት ላይ አቁሙ። መጀመሪያ የጣውላዎቹን ጫፍ፣ የተቆረጠበትን፣ ደጋግማችሁ አጠጡ። እንጨት ውሃ የሚጠጣው ከሁሉም በላይ በጫፉ ነው፣ ብስባሱም የሚጀምረው ከዚያ ነው፣ ቀለም ቀቢዎች ደግሞ ሁሌ የሚዘሉት እሱን ነው። ከዚያ ከግድግዳው ጥግ ጀምራችሁ ወደ ደረጃው ውጡ። ይሄን ሳስብ የምስቀው፣ ታናሽ ወንድሜ ከደረጃው ጀምሮ ግድግዳ ጋ ደርሶ በመስኮት ነው የወጣው።

ሁለት ወይም ሦስት ጣውላ ብቻ ያዙ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጨርሷቸው፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። በረንዳውን መሀል ለመሀል ከፍላችሁ ከቀባችሁ የተጋጠመበት ቦታ ላይ ጠቆር ያለ መስመር ይቀራል። ሰፊ ብሩሽ ይሻላል። ሮለር ያፈጥናል፣ ግን ላዩ ላይ ኩሬ ይተዋል እንጂ አያሰርገውም፤ በሮለር ከሄዳችሁም ከኋላ በብሩሽ ተከተሉት። ሁለተኛው ሰው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይቶ በጨርቅ እየጠረገ ይምጣ። ልክ ነው፣ የተቀባውን መልሶ መጥረግ። ገንዘብ የሚጣል ይመስላል፣ ግን እንጨቱ ያልጠጣው ሁሉ ላዩ ላይ ሲደርቅ መልሶ ያው ቆዳ ነው የሚሆነው። በማግስቱ እግር የሚይዝ ከሆነ አብዝታችኋል ማለት ነው፤ ጨርቅ በአኳራጅ ነክራችሁ አንሱት። «ሦስት እጅ ካልተቀባ አያምርም» የሚል ቀለም ቀቢ ቀጥራችሁ ከሆነ ሒሳቡን በካሬ ተነጋገሩ እንጂ በእጅ ብዛት አትነጋገሩ።

አሁን ይሄን በደንብ አንብቡ። በዘይት ስቴይን የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወይም ተከምሮ ከተቀመጠ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ ክምሩ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ እሳት ይሆናል። ክብሪት አያስፈልገውም። በአንዱ ጆንያ ጠቅጥቆ የቆርቆሮ ዕቃ ቤት ውስጥ መወርወር የሁላችንም ልማድ ነው። አንድ በአንድ አጥር ላይ ዘርጓቸው፣ እስኪደርቁ ድረስ፣ ወይም ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ንከሯቸው።

ቢያንስ 24 ሰዓት ማንም አይርገጠው፣ ከተቻለ ሁለት ቀን። ወንበርና ጠረጴዛ ከዚያም በኋላ ትንሽ ይቆዩ። ውሻውን እሰሩት።

ከዚያ በኋላ ያለው የአያያዝ ጉዳይ ነው። ቡና ስታፈሉ ከሰሉን ጣውላው ላይ በቀጥታ አታስቀምጡ፣ ከሥሩ የሸክላ ወይም የቆርቆሮ ትሪ ይኑረው። ቄጠማ ጎዝጉዛችሁ ከሆነ በማግስቱ ጥረጉት፤ እርጥቡ ቄጠማ ሁለት ሦስት ቀን ከተኛ የራሱን ቅርጽ ያትማል፣ በአንዱ ፋሲካ የተኛው የእኔ በረንዳ ላይ እስካሁን አለ። የአበባ ድስቱን ከሥሩ በድንጋይ ከፍ አድርጉት። ጣሪያው አሸንዳ ከሌለው አሸንዳ አስገጥሙለት፣ ክረምቱን ሙሉ አንድ መስመር ላይ የሚንጠባጠብ ውሃን የሚችል ስቴይን የለም።

ወለሉ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት መታደስ ይፈልጋል፤ የእጅ መደገፊያው የበለጠ ይቆያል። እኔ ቀን አልቆጥርም። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ አንድ ሲኒ ውሃ ወለሉ ላይ አፈሳለሁ፣ አንዱን ግድግዳው ጋ፣ አንዱን ፀሐይ የሚበላው ደረጃው አፍ ላይ። ድቡልቡል ብሎ ከተቀመጠ ጠርጌው ቡናዬን አፈላለሁ። ሰርጎ ከገባ ወደ ቀለም ቤት።